የአራስ ቅቤ

ሱሉልታ፣ በጽጌ ጾም አንድ ዓርብ ማለዳ፤ ሯጯ ትርንጎ ወደ ልምምድ ልትወጣ ስትጣደፍ፣ ትናንት ከዋድላ የገባችው አማቷ እማማ ደብሪቱ አንድ እግር ጫማዋን ደብቃባት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

ትርንጎ፦ እማማ፣ ጫማዬን ይስጡኝ። ሰርቪሱ ሊደርስ ነው።

ደብሪቱ፦ የምን ጫማ?

ትርንጎ፦ የተቀመጡበትን።

ደብሪቱ፦ እኔ የተቀመጥኩት በርጩማ ላይ ነው።

ትርንጎ፦ በርጩማው ማሰሪያ አበቀለ እንዴ? ይኸው ክሩ ከቀሚስዎ ስር ብቅ ብሏል።

ደብሪቱ፦ አየሽው? እንግዲያው ሳልዋሽሽ ልንገርሽ፣ አልሰጥሽም። ገደል ለገደል መዝለሉ ይበቃል። ቁጭ በዪና ይህን ገንፎ ብዪ።

ትርንጎ፦ ጌጡ በር ላይ ቆሞ እያሟሟቀ ነው። ባልና ሚስት ነን፣ አንድ መኪና ነው የሚወስደን። እሱ ሄዶ እኔ ልቀር ነው?

ደብሪቱ፦ እሱ ይሩጥ። እሱ ምን ተሸክሟል?

ትርንጎ፦ እኔስ ምን ተሸክሜያለሁ?

ደብሪቱ፦ እኔን ነው? ሰባት ያማጥኩትን ሴት ነው የምታሞኚው? ከፍልሰታ እስከ መስቀል እዚህ አልነበርኩም? ሱባኤውን አብረን አልሳለምንም? አንድ ቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆመሽ አላየሁሽም። የነሐሴው ውስጥ፣ የመስከረሙ ውስጥ! የወር አበባዋን ያየች ሴት ደጅ እንደምትቆም ለኔ ይነገረኛል? እኔ አፌን ይዤ ዓይኔን ከፍቼ ነው የከረምኩት።

ትርንጎ፦ ያን ሁሉ ቀን ቅዳሴውን ትተው እኔን ነበር የሚያዩት?

ደብሪቱ፦ ቅዳሴውንም ሰምቻለሁ። ጆሮ ለቄሱ፣ ዓይን ለምራት።

ትርንጎ፦ እና ያን ሁሉ ጓዝ ከዋድላ ድረስ ተሸክመው የመጡት ለዚህ ነው?

ደብሪቱ፦ ጓዝ አለችው! የገንፎ እህሉን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ አምሼ፣ ራሴ ነው ያስፈጨሁት። ቅቤውማ አንዴ የወለደች ጊደር ነው። በኮሰረት፣ በኮረሪማ አድርጌ አንጥሬዋለሁ። እሷን ማሰሮ ግን ማንም እንዳይነካብኝ። የአራስ ቅቤ ነው፤ ሳይወለድ ክዳኑ አይነሳም። የዛሬው ገንፎ በኑግ ዘይት ነው። ንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የመጣሁት፣ ያረገዘች ሴት ሰዓት አትጠብቅም፣ ማልዳ ትብላ ብለውኛል። ከቅቤ ግን ትከልከል፣ ዓርብ ዓርብ ነው ብለዋል።

ትርንጎ፦ ለንስሐ አባትዎ ነገሯቸው? ሌላስ ለማን ነገሩ?

ደብሪቱ፦ ለማን እነግራለሁ? ለእህቴ ብቻ።

ትርንጎ፦ ለእህትዎ ብቻ?

ደብሪቱ፦ ለሷ ብቻ። እሷ ደግሞ ለሰንበቴው ትንሽ ሳትጠቅስ አልቀረችም መሰለኝ። አውቶቡስ ልሳፈር ስል ረዳቱ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ።

ትርንጎ፦ ወይኔ! ረዳቱ!

ደብሪቱ፦ ጨዋ ልጅ ነው፣ ማሰሮዋንም ጭኑ ላይ ይዞልኝ መጣ። ምነው? ምነው ፊትሽ እንዲህ አመድ ለበሰ? ብዪ እንጂ፣ ሆድሽ ባዶ ሆኖ ነው።

ትርንጎ፦ እማማ፣ አላረገዝኩም።

ደብሪቱ፦ ገብቶኛል። ዓይን ፈርተሽ ነው። በኛም አገር እስኪገፋ ድረስ አይነገርም።

ትርንጎ፦ አላረገዝኩም እያልኩዎት ነው። ከአምና ኅዳር ሚካኤል ወዲህ አንድም ጊዜ አላየሁም። እርግዝና ቢሆን ይሄኔ ወልጄ፣ ክርስትና አንስቼ፣ እርስዎም ታዝለው... ማለቴ አዝለውት ነበር። አይ፣ ምላሴም ጠፋኝ።

ደብሪቱ፦ ከአምና ኅዳር?

ትርንጎ፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ ጌጡ ያውቃል?

ትርንጎ፦ አያውቅም። ቀስ ይበሉ፣ መስኮቱ ክፍት ነው።

ደብሪቱ፦ ዓይኔን እዪኝ። ክኒን ትውጫለሽ?

ትርንጎ፦ እማማ!

ደብሪቱ፦ ሰው ይላላ! «ሯጭ ናት፣ ሩጫዋን ትታ አትወልድም፣ መርፌ ተወግታ ነው ልጅሽን የምታደርቀው» ብለውኛል። አራት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው፣ በየሰርጉ ስሰማ ኖሬያለሁ። አላመንኩም። አሁን ግን ከራስሽ አፍ ልስማው።

ትርንጎ፦ ማርያምን ክኒንም መርፌም ነክቶኝ አያውቅም። ልጅ እንደርስዎ እኔም እፈልጋለሁ። እርስዎ በቀን አንዴ ነው የሚያስቡት፤ እኔ በየኪሎ ሜትሩ ነው።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ምን ሆነ? ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነሽ ለሰው ሳትናገሪ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?

ትርንጎ፦ በሽታ መች መሰለኝ። ደስ ነው ያለኝ።

ደብሪቱ፦ ደስ?

ትርንጎ፦ በክለባችን ሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ቤት «ደረቅሽ?» ይባባላሉ። አንዷ «ደረቅኩ» ካለች «እልል! ልምምዱ ያዘሽ» ይሏታል። ሰውነቷ ውድድር ገባ ማለት ነው። አሰልጣኙም ባይጠይቅም ያውቃል፤ «አሁን አማረብሽ፣ ቀለልሽ» ይላል። እኔም ተራዬ ሲደርስ ሸክም የቀረልኝ መሰለኝ። ከውድድር ቀን ጋር የሚጋጭ ጣጣ የለ፣ የሆድ ቁርጠት የለ። ሰዓቴም ለጥቂት ወር ተሻሻለ።

ደብሪቱ፦ እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ! ላም ነጠፈች ተብሎ እልል ይባላል?

ትርንጎ፦ ከዚያ እግሬን አመመኝ።

ደብሪቱ፦ እኔስ ትናንት ማታ አይቼሻለሁ። ወደ ጓዳ ስትሄጂ ታነክሻለሽ፤ ወደ ጌጡ ስትመለሺ ቀጥ ትያለሽ።

ትርንጎ፦ እርስዎ የማያዩት ነገር አለ? የቅልጥሜ አጥንት ነው። ተደብቄ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅላ አየችው። «ሊሰነጠቅ ጀምሯል» አለችኝ። ከዚያ ስለ እግሬ መጠየቁን ትታ «የወር አበባሽን መቼ ነው ያየሽው?» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። እግሬን ነው እኮ ያመመኝ! «ያንቺ አጥንት የስልሳ ዓመት ሴት አጥንት መስሏል» አለችኝ።

ደብሪቱ፦ የኔን ማለቷ ነው?

ትርንጎ፦ የእርስዎ ሳይሻል አይቀርም።

ደብሪቱ፦ ምን አገናኘው ታዲያ? ማህፀን ሌላ፣ ቅልጥም ሌላ።

ትርንጎ፦ እኔም ይህንኑ ነው ያልኳት። አንድ ነው አለች። ሴት ልጅ በቀን ሁለቴ እየሮጠች፣ የምትበላው ለሩጫው ብቻ ከሆነ፣ ጭንቅላቷ ያውቅባታል። ጭንቀትም ሲጨመርበት «ይህች ሴት ክፉ ቀን ላይ ናት፣ አሁን ልጅ የሚያዝበት ጊዜ አይደለም» ይልና ወደ ማህፀን የሚልከውን ትእዛዝ ያቆመዋል። እንቁላሉ አይለቀቅም፣ ደሙም አይመጣም። በዚያ ትእዛዝ የሚመጣው ሆርሞን ደግሞ አጥንትንም የሚጠብቅ ነው፤ እሱ ሲጠፋ አጥንቱ ይሳሳል። ማህፀንሽ ጤነኛ ነው፣ መካን አይደለሽም፣ ጭንቅላትሽ ነው በሩን የዘጋው አለችኝ።

ደብሪቱ፦ እንደገና በዪው እስቲ።

ትርንጎ፦ የቱን?

ደብሪቱ፦ መካን አይደለሽም ያለችውን።

ትርንጎ፦ መካን አይደለሁም እማማ። ከበላሁ፣ ሩጫውን ከቀነስኩ፣ ካረፍኩ፣ ጊዜ ቢፈጅም ይመለሳል ብላለች። «ማን ነው የሚያስጨንቅሽ?» ብላም ጠይቃኛለች።

ደብሪቱ፦ ምን አልሻት?

ትርንጎ፦ ማንም አልኳት።

ደብሪቱ፦ እኔ በየሰንበቱ እየደወልኩ «ዛሬስ ምን አለ?» ስልሽ?

ትርንጎ፦ ማንም አልኳት አልኩ እኮ። አሁን ጫማዬን።

ደብሪቱ፦ ቆይ! እህል ሲያጥራት ነው ያለችው? በዚህ ቤት እህል አጥሮ ያውቃል? ጤፉ በጆንያ፣ ሽሮው በእንስራ። ልጄ ሚስቱን ያስርባል ነው የምትይው?

ትርንጎ፦ ጌጡማ ቢችል በየሰዓቱ ያጎርሰኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ የምለው።

ደብሪቱ፦ ለምን?

ትርንጎ፦ ይተዉት እማማ።

ደብሪቱ፦ ጫማሽን ከፈለግሽ ተናገሪ።

ትርንጎ፦ ስለቱስ?

ደብሪቱ፦ የምን ስለት?

ትርንጎ፦ የግሸኑ። አምና ተራራውን ወጥተን፣ እጄን ይዘው «እመቤቴ ልጅ እስክትሰጫት ድረስ ጽጌም አይቅራት፣ የፈቃዱንም የትእዛዙንም ሁሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትጹምልሽ» አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ያልቀነስኩት ሩጫውን ብቻ ነው። ጠዋት ሮጬ ውኃ ሳልቀምስ እተኛለሁ፣ ከሰዓት ተነስቼ እንደገና እሮጣለሁ፣ ማታ ሽሮ በእንጀራ ሁለት ጉርሻ በልቼ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጽጌ አለቀ ስል ነቢያት ገባ። ከዚያ ነነዌ፣ ሁዳዴ፣ ሰኔ፣ ፍልሰታ። ይኸው ደግሞ ዙሮ ጽጌ መጣ። ጌጡ «ንስሐ አባትሽን አነጋግሪ» ሲለኝ እቆጣዋለሁ። ልጁ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። አንድ ቀን ብገድፍ የዓመቱ ልፋት ውኃ የሚበላው መሰለኝ።

ደብሪቱ፦ ግሸን የወጣነው መስከረም ሃያ አንድ ነው።

ትርንጎ፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ በአምስተኛው ቀን ጽጌ ገባ።

ትርንጎ፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ ጽጌ በወጣ በሳምንቱ ኅዳር ሚካኤል ነው።

ትርንጎ፦ እማማ፣ ምን ያደርጋል አሁን ቀን መደርደሩ?

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ በገዛ እጄ ያደረቅኩሽ።

ትርንጎ፦ አላልኩም! ዶክተሯም አላለችም። ሩጫው አለ፣ ጭንቀቱ አለ። እርስዎ መቼም ክፉ አስበው አይደለም።

ደብሪቱ፦ ዝም በዪ። ልጅ እያልኩ የልጁን እንጀራ ወሰድኩበት። ጾሙ ምን በደለ? መጠኑን ያጣሁት እኔ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ትርንጎ፦ ይኸው አሁን ደግሞ ያለቅሳሉ። ያንን ነው የፈራሁት። እኔ ላባብልዎት ጊዜ የለኝም፣ መኪናው መጣ! ሰሙት? ክላክሱ ነው።

ደብሪቱ፦ ይጩህ። አንድ ነገር ልንገርሽና ከዚያ ጫማሽን እሰጥሻለሁ። ማርያምን እሰጥሻለሁ።

ትርንጎ፦ ቶሎ ይበሉ ታዲያ።

ደብሪቱ፦ በሰባ ሰባቱ ረሃብ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የዚያን ዓመት ዋድላን ሰምተሽዋል። ምን በላን ብትዪኝ አልነግርሽም፣ ጆሮሽ ይቆሽሻል። ግን ቤተ ክርስቲያን አልቀረንም። አንድ ሰንበት ዞር ብዬ ሳይ ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ሴት የለም። በሁለተኛው ሰንበትም የለም። በወሩም የለም። ሙሽራውም፣ ኮረዳውም፣ የልጆች እናቱም፣ ሁላችንም ውስጥ። ያ ሴት የሚቆምበት ግራር ስር ባዶውን ቀረ። አሮጊቶቹ «ዘንድሮ ሴቱ ሁሉ ነጻ» አሉ። እኛም እንደናንተ ልብስ መቀየሪያ ቤት ሞኞች፣ የተባረክን መሰለን።

ትርንጎ፦ ሁላችሁም?

ደብሪቱ፦ ሁላችንም። በዓመቱ በዚያ ደብር ክርስትና የሚነሳ ሕፃን ጠፋ። ያን ጊዜ ገባን። ኋላ የእርዳታ ስንዴ ገባ፤ ትንሽ ትንሽ ቀመስን፣ ዝናቡም ጣለ፣ ሽምብራውም ደረሰ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ጎረቤቴ ውብአለም ከግራሩ ስር ቆማለች። ብቻዋን። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አፍራ። ሮጬ ሄጄ አቀፍኳት። ሴቱ ሁሉ ቅዳሴ እንደወጣ ሄዶ አቀፋት። ስናለቅስ ቄሱ ሰው የሞተ መስሏቸው መጡ።

ትርንጎ፦ እማማ...

ደብሪቱ፦ እኔ ያን አውቅ የለም? ከሁሉ በፊት እኔ ማወቅ አልነበረብኝም? በፍልሰታ ውስጥ ቆመሽ ሳይሽ አጥንትሽ ከነጠላሽ ስር ተቆጥሮ ይታይ ነበር። ዓይኔ ግን ልጅ ልጅ ብሎ ታወረ። ላም አለኝ በሰማይ ስል ከረምኩ። ያኔ የጨከነብን ሰማዩ ነው፤ አንቺ ጤፍ በጆንያ በተቀመጠበት ቤት፣ ብቻሽን ሰባ ሰባትን ኖርሽው።

ትርንጎ፦ ደግሞ ነፋ! ጌጡ ይጠራኛል። «መጣሁ!» ልበለው። መጣሁ ጌጡ! እማማ፣ ነገሩ ገብቶኛል። እሺ። እበላለሁ፣ አርፋለሁ። ግን ምርጫው ደርሷል። ይቺን ብቻ ልሩጥ። ለአገር ቡድን የሚመረጠው በዚህ ውድድር ነው፤ ይህን ስጠብቅ ስንት ክረምት በጭቃ ሮጥኩ። እሱን ልጨርስና ከዚያ...

ደብሪቱ፦ አጥንትሽ ይጠብቅሻል?

ትርንጎ፦ ላስረው እችላለሁ። በፋሻ።

ደብሪቱ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ትርንጎ፦ እርስዎ ጋር ተረት አያልቅም! እኔ ግን ተረት አይደለም ያለብኝ። ጌጡ ማስተማሩን ትቶ ነው ከኔ ጋር የሚሮጠው። ንፋስ እየከለለልኝ፣ ሰዓት እየያዘልኝ፣ ውኃዬን እየተሸከመ። ምን ብዬ ልንገረው? «ዓመት ሙሉ ደብቄህ ነበር፣ እግሬ ሊሰበር ነው፣ ልጅም የለም፣ ሩጫም የለም» ልበለው? አንዱ እንኳ ሲኖረኝ ነው ሰው የምሆነው። ወይ ሯጭ፣ ወይ እናት። ሁለቱንም ያጣች ሴት ምን ትባላለች?

ደብሪቱ፦ ትርንጎ ትባላለች።

ትርንጎ፦ ዋድላ ላይ ግን እንደዚያ አይሏትም።

ደብሪቱ፦ ዋድላን ለኔ ተዪው። አፌ ያወራውን አፌ ያስተባብላል። «ተሳስቻለሁ፣ ልጄ ታማ ነው» እላለሁ። ቢስቁ ይሳቁ፣ ስቀው ይጠግባሉ።

ትርንጎ፦ ልጄ አሉኝ።

ደብሪቱ፦ ምን ልበልሽ? ሯጫችን ልበልሽ? ስሚኝ፣ የልጅ ልጅ ሁለተኛ በዚህ አፌ አልጠይቅሽም። ቢመጣ እሰየው፣ ባይመጣ የእመቤቴ ፈቃድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ አንድ ሰንበት ከቅጥሩ ውጭ ቆመሽ ልይሽ። ነጠላሽን አጣፍተሽ። መጥቼ ላቅፍሽ።

ትርንጎ፦ አያስለቅሱኝ። በዚህ ዓይን አሰልጣኙ ፊት እንዴት ልሂድ?

ደብሪቱ፦ በይ፣ ቃሌ ቃል ነው። ይኸው ጫማሽ።

ትርንጎ፦ ሰጡኝ?

ደብሪቱ፦ አሰርኩሽ እንዴ? አንዴ በስለት አስሬሽ ያየሁትን አየሁ። ከዚህ በኋላ አላስርሽም። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ። ቆይ ግን፣ ገንፎው በረደ፤ ይህን በላዩ ላድርግበት።

ትርንጎ፦ ምን እያደረጉ ነው? እማማ! የምን ክዳን ነው የሚከፍቱት?

ደብሪቱ፦ ጨርቁ ጠብቋል፣ ጥርስ ቢኖረኝ... መጣ።

ትርንጎ፦ ዛሬ ዓርብ ነው!

ደብሪቱ፦ ለታመመ ሰው ዓርብ የለውም። ስለቱን ያሰርኩት እኔ፣ ፍቺ ብዬ እመቤቴ እግር ስር የምወድቀው እኔ። ንስሐ አባትሽ ቢቆጡ «ደብሪቱ ናት» በያቸው፣ ንስሐውንም እኔ እሰግዳለሁ። በኔ አንገት።

ትርንጎ፦ የአራስ ቅቤ ነው እኮ። ሳይወለድ ክዳኑ አይነሳም አላሉም?

ደብሪቱ፦ ብያለሁ። አራስ የሚባለው ማን ነው? አጥንቱ የላላ፣ ደሙ ያለቀ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያጎርሰው አይደል? በይ አፍሽን ክፈቺ። እጄን አታሳፍሪው።

ትርንጎ፦ ጉርሻው ከእጅዎ እያመለጠ ነው።

ደብሪቱ፦ ዓርብ ቅቤ ነክቶ ስለማያውቅ ነው።

ትርንጎ፦ እም... ኮሰረቱ ይጣፍጣል።

ደብሪቱ፦ ያ ልጅ ደግሞ በሩን ሊሰብረው ነው። ምን ልበለው? መልሱን አንቺ ስጪው፤ እኔ አፌን ዘግቻለሁ።

ትርንጎ፦ አንድ ጉርሻ ይድገሙኝ... ጌጡ! ጌጡ፣ መኪናውን ሸኘውና ግባ! ጾም ገድፌያለሁ!